አራተኛው እልልታ

ኖላዊት በመዝገብ ላይ ጤነኛ ልጅ ናት። በየቤቱ ግድግዳ ውስጥ የተቀመጠው ድምፅ በየማለዳው ይህንኑ ይለፍፋል። «እንደምን አደራችሁ! ኖላዊት በዚህ ሳምንት መሮጥ ጀምራለች። እንኳን ደስ አላችሁ!» ይላል፤ ለሚዜነት የተጠራ ይመስል ፈክቶ። በዚያው ሰዓት ኖላዊት አያቷ ጭን ላይ ተንጋላለች፤ አንገቷ እንደ ረጠበ ጨርቅ ወደ ኋላ ወድቆ፣ እጆቿ ወደ ውስጥ ተቆልምመው፣ ግራ ዓይኗ ጣሪያው ላይ ተተክሎ። አልቆመችም። አልተራመደችም። ምራቋን እንኳ በቅጡ አትውጥም።

አያቷ እማማ ትርንጎ ለግድግዳው መልስ ሳትሰጥ ውላ አታውቅም።

«አንተው ሩጥ!» ትለዋለች። «እግር አብቅልና ከቤቴ ውጣልኝ፣ ወሬኛ!»

«አመሰግናለሁ። መልካም ቀን» ይላል ግድግዳው።

ከዚያ ማብላት ይጀመራል። የአጥሚት ጠብታ በትንሿ ማንኪያ ጫፍ ይወሰድና በጉንጯ በኩል ይገባል። ጉሮሮዋን በሁለት ጣት ዳበስ ዳበስ ማድረግ ነው። ትውጠዋለች ወይስ ያንቃታል ብሎ ትንፋሽን ይዞ መጠበቅ ነው። ከዋጠች ሌላ ጠብታ። አንድ ስኒ አጥሚት ረፋዱን ሙሉ ይፈጃል። ከቀበሌ የሚታደለው ግን አጥሚት አይደለም። መዝገቡ ጥርሷ ሞልቷል ስለሚል ደረቅ ብስኩት ይመጣል፤ መዝገቡ ትሮጣለች ስለሚል የሸራ ጫማ መጥቷል። ጫማው አልጋ ሥር ተቀምጧል፤ ሶሉ መሬት ነክቶ አያውቅም። ልጅቱ መጫወቻው ሜዳ ባልታየች ቁጥር ደግሞ ግድግዳው ወቀሳ ያሰማል። ወቀሳው ሲጠራቀም ተቆጣጣሪ ይላካል።

ተቆጣጣሪው አንድ ቀን መጣ። ገና ጢሙ ያልጠነከረ ጎረምሳ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ልጅቱን አየ፣ የያዘውን መሣሪያ አየ፣ እንደገና ልጅቱን አየ።

«ይቺ ሌላ ልጅ ናት» አለ። «ኖላዊትን አምጡልኝ።»

«አንተ መጀመሪያ ዓይንህን ይዘህ ና» አለችው እማማ ትርንጎ።

«እማማ፣ እኔ የታዘዝኩት የምትሮጥ ልጅ እንዳይ ነው።»

«እሮጥልሃለሁ እኔ! ዱላዬን ይዤ ነው የምሮጥልህ!»

ተቆጣጣሪው «ልጅቱ ቤት ውስጥ አልተገኘችም» ብሎ ሄደ።

ነገሩ የጀመረው ማዋለጃው ውስጥ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ተያይዘው አንድ ከተማ ከሆኑ፣ ቦርከናም በሲሚንቶ ተከድኖ በላዩ ባቡር መመላለስ ከጀመረ ወዲህ በዚያ አገር በሰው እጅ የሚወለድ ልጅ የለም። የምታዋልደው ክፍሏ ራሷ ናት። ክንድ አላት፣ መብራት አላት፣ ጆሮ አላት፤ ሰዉም አዋላጇ እያለ ይጠራታል። ለሕንፃው ሁሉ አንዲት ነርስ ምድር ቤት ተቀምጣለች፤ አዋላጇ ካልጠራቻት አትወጣም። እማማ ትርንጎ ልጇን ረድኤትን ምጥ ሲይዛት ይዛት ገባች። ለወላድ አንድ አጃቢ ይፈቀዳል። ምጡ ጠናባት፣ ውሎ አመሸባት፤ በመጨረሻ አዋላጇ «ሴት ናት» አለች።

ያን ጊዜ እማማ ትርንጎ እልል አለች።

ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው፤ ልማዱ እንዲህ ነው። እማማ ትርንጎ ስትወለድ ግን ሦስቱም አልተባለላትም። ደጅ ቆመው ይጠብቁ የነበሩት ሴቶች ሴት መሆኗን ሲሰሙ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደየቤታቸው ሄዱ። እናቷ ይህን እየነገረች ነው ያሳደገቻት። ረድኤት ስትወለድ ጎረቤት መጥቶ ሦስቷን ብሎ አፉን ዘጋ። እንግዲህ ይቺ የመጀመሪያ የልጅ ልጇ ብቅ ስትል እማማ ትርንጎ ሦስቷን አለችና አልቆመችም። አራተኛውን አለች፤ አምስተኛውን ደገመች፤ ሰባቱን ሞላች፤ ከሆድ ዕቃዋ እየሳበች፣ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ። እንደ ወንድ፤ እንዲያውም ከወንድ አስበልጣ።

አረንጓዴ መብራት በራ። የአዋላጇ ክንድ ልጅቱን ጠቅልሎ ጥግ አስቀመጣት።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለች አዋላጇ ለረድኤት። ይህንንም አስተምረዋታል።

«እማ» አለች ረድኤት ከአልጋው ላይ። «አታለቅስም እኮ።»

«ሕፃኗ አልቅሳለች» አለች አዋላጇ።

እማማ ትርንጎ ጥቅሉን ገለጠችው። ልጅቱ እንደ በሰለ ወይን ጠቁራለች። አፍንጫዋን በአፏ መጠጠችላት፣ ውስጥ እግሯን መታ መታ አደረገች፣ «ነርስ! የሰው ያለህ!» ብላ ጮኸች። ቶሎ የሰማ አልነበረም። ጤነኛ ልጅ የወለደች እናት ማረፍ አለባት ተብሎ ስለተደነገገ አዋላጇ በሩን ቆልፋ መብራቱን አደብዝዛ ነበር። ነርሷ ጩኸቱ ደርሷት እያለከለከች ወጥታ በሩን ስታስከፍት ልጅቱ መተንፈስ ጀምራለች። ጀምራለች፣ ግን ዘግይታ። ያ መዘግየት ነው እስከ ዛሬ አያቷ ጭን ላይ የተኛው።

ካሳ እንጠይቅ ያለችው እማማ ትርንጎ ናት። ገንዘብ አምሯት አይደለም። ከተማው ዳር ማገገሚያ አለ፤ የተጎዳ ሕፃን አንገት የሚያቀና፣ መዋጥ የሚያስተምር፣ የተቆለመመ እጅ የሚፈታ። የሚቀበለው ግን በመዝገብ ጉዳተኛ የተባለን ልጅ ብቻ ነው፤ ሁለት ዓመት ካለፈውም አይቀበልም። ኖላዊት ሁለት ዓመት ሊሞላት የቀራት ይህ ክረምት ነው። መዝገቡን ማረም የሚችለው ደግሞ የካሳ ችሎት ብቻ ነው፤ ችሎቱም ከሁሉ በፊት ልጅቱን የጎዳት ማን እንደሆነ ይጠይቃል።

ጠበቃ ተመደበላቸው። ሶፎንያስ ይባላል፤ ትከሻው የጎበጠ፣ ሲናገር የራሱን ጫማ የሚያይ ልጅ እግር ነው። ረድኤት ከፋብሪካ በምትመለስበት ሰዓት ጠብቆ መጣና በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«ማዋለጃው መልስ ሰጥቷል፣ እማማ» አለ። «ሕፃኗ እንደ ወጣች አልቅሳለች ነው የሚሉት። ያለቀሰ ልጅ ደግሞ በወሊድ አልተጎዳም። የተጎዳችው ከዚያ በኋላ፣ ቤት ውስጥ ነው ይላሉ።»

«ቤት ውስጥ! ማን ጎዳት? እኔ?»

«እንደዚያ አላሉም። እንደዚያ እንዲመስል ግን ትተውታል።»

«የማንን ልቅሶ ነው የሰሙት?»

«የኖላዊትን።»

«አንተ ልጅ፣ ቀና በልና ይቺን ልጅ እያት። ከተወለደች አንድ ቀን አልቅሳ አታውቅም። ብታለቅስማ በግ አርጄ ሰፈሩን አበላ ነበር!»

ሶፎንያስ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ እጁ ላይ ያሰረውን መሣሪያ ነካ። «ልቅሶ ነው ያሉትን ድምፅ ልከውልኛል። መስማት መብታችሁ ነው» አለ።

ድምፁ ወጣ። ቀጭን፣ የሚርገበገብ፣ መጨረሻው ላይ ትንፋሽ ያጠረው። ከበር ውጭ ላለፈ ሰው አራስ ልጅ ነው። ረድኤት የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ በሩ ጥግ ቆማ ነበር፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ድገመው» አለች እማማ ትርንጎ።

ደገመው።

«ይሄ እኮ እኔ ነኝ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«የራሴን ጉሮሮ ላጣው ነው? እልልታዬ ነው! አራተኛዋ ናት። አራተኛዋ ላይ እንባዬ መጥቶ ትንፋሼን ቆረጠው።»

ሶፎንያስ ብድግ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጫማውን ረሳው። «እንግዲያ ያዝናቸው! እማማ፣ አዋላጇ እልልታ ታውቃለች። የአገሩን ልማድ አስተምረው ነው የተከሏት። ሴት ስትወለድ ሦስት ትጠብቃለች። ሦስቱን እልልታ ነው ብላ ትተወዋለች። ከዚያ በላይ የሰማችውን ግን...»

«ልቅሶ አለችው።»

«ልቅሶ አለችው። ይህንን ችሎት ፊት ካሳየን መዝገቡ ይታረማል።»

እየተጣደፈ ወጣ፤ ቦርሳውን እንኳ ረስቶ ከደጅ ተመለሰ። እማማ ትርንጎ ልጅቱን አስተካክላ ይዛ ማንኪያውን አነሣች። ረድኤት ካለችበት አልተነቃነቀችም።

«ሦስት ብትይ ምን ነበረበት፣ እማ?» አለች።

እማማ ትርንጎ ማንኪያውን ስኒው ውስጥ ነከረች።

«ሦስት ብለሽ ዝም ብትዪ ኖሮ ዝምታውን ትሰማው ነበር። ነርሷን ትጠራት ነበር።»

እማማ ትርንጎ ዓይኗን ከማንኪያው አላነሣችም። ጠብታውን በጉንጯ በኩል አስገባች። ጉሮሮዋን ዳበሰች። ጠበቀች።

ችሎቱ ማዋለጃው ውስጥ፣ በዚያችው ክፍል ተሰየመ። ዳኛው ሰው አይደለም፤ ከጣሪያው የሚወርድ ረጋ ያለ ድምፅ ነው። ለማዋለጃው የምትከራከረው ግን ሰው ናት። ወይዘሮ ሐመልማል ትባላለች፤ ጥፍሯ የተሞረደ፣ ልብሷ እጥፋት የማያውቅ፣ «እማማ» ስትል አፏ ላይ ማር ያለ የሚመስል። ረድኤት ኖላዊትን አዝላ በር አጠገብ ቆመች። የሕፃን ማረፊያው ባዶ ነው።

ያን ቀን ለመድገም ያህል ሐመልማል ለአዋላጇ «ሴት ናት» ብላ አስታወቀቻት።

«ወይዘሮ ትርንጎ» አለ ዳኛው። «በዚያ ቀን እንዳሉት ይበሉ።»

እማማ ትርንጎ ከዚያ ቀን ወዲህ እልል ብላ አታውቅም። የጎረቤት ሰርግ ላይ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ነበር የምትቀመጠው፤ ሰዉም በኩራቷ ነው ብሎ ያማታል። አሁን ባዶውን ማረፊያ እያየች ጉሮሮዋን ጠረገች።

እልል አለች።

«እልልታ» አለች አዋላጇ።

ደገመች። «እልልታ።» ሠለሰች። «እልልታ።»

አራተኛውን አለች።

አረንጓዴ መብራት በራ። ክንዱ ወረደ፤ ማረፊያው ላይ የሌለውን አነሣ፣ የሌለውን ጠቀለለ፣ ባዶ ጥቅሉን ተጠንቅቆ ጥግ አስቀመጠው። «ሕፃኗ አልቅሳለች። እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለች አዋላጇ። በሩ ተቆለፈ። መብራቱ ደበዘዘ።

ሶፎንያስ እጁን ከእጁ ጋር አጋጨ።

«ክፈቺ!» አለች ሐመልማል በጨለማው ውስጥ።

«እናት ማረፍ አለባት» አለች አዋላጇ።

«እረፊያ እንግዲህ» አለቻት እማማ ትርንጎ። «እኛም ያን ቀን እንዲህ ነበር ያረፍነው።»

አዋላጇ ሥራዋን አልጨረሰችም ነበር፤ የተወለደውን መመዝገብ ይቀራታል። «አሳዳጊ፣ ወይዘሮ ትርንጎ። የሕፃኗን ስም ማን ልበል?»

«ሰርዢው» አለች ሐመልማል። «ልጅ የለም። ሙከራ ነው።»

«የተወለደ አይሰረዝም። ሞታለች ካላችሁ አስከሬን አቅርቡ። የሕፃኗን ስም ማን ልበል?»

ኖላዊት እናቷ ጀርባ ላይ ስታንኮራፋ ብቻ ነው የሚሰማው።

«ነፋስ በያት» አለች እማማ ትርንጎ።

«ነፋስ። ሴት። ጤነኛ። እንኳን ደስ አለዎት።»

በሩ እስኪከፈት ድረስ በድንግዝግዝታው ቆመው ጠበቁ። መብራቱ ሲመለስ ሐመልማል ፊቷን አስተካክላ ነበር።

«እማማ» አለች በማሯ። «ለሴት ሰባት ከየት የመጣ ነው? በየትኛው አገር ነው የሚባለው?»

እማማ ትርንጎ ደረቷን መታ አደረገች። «ከዚህ ነው የመጣው። አንቺ ስትወለጂ ስንት ተባለልሽ?»

ሐመልማል ዓይኗን ወደ ጥፍሯ መለሰች። መልሱ እንዳላት ግን ፊቷ ላይ ታይቷል።

ዳኛው ተናገረ። «ጉዳቱ በወሊድ ጊዜ የደረሰ መሆኑ ተረጋግጧል።»

ረድኤት በሩን ተደግፋ ቁጭ አለች። ሶፎንያስ ዓይኑን ጨፈነ።

«አዋላጇ በተማረችው መሠረት ሠርታለች» አለ ዳኛው በዚያው ድምፅ። «የአገሩን ልማድ አክብራለች። ማሽን ቸልተኛ ሊሆን አይችልም፤ ቸልተኝነት የሰው ነው። በዕለቱ በክፍሏ ውስጥ የልማዱን ልክ ያለፈ አንድ ሰው አለ። ጉዳት አድራሽዋ ወይዘሮ ትርንጎ ናቸው።»

«ክቡር ዳኛ!» አለ ሶፎንያስ። «ደስታ ቸልተኝነት አይደለም! ያስተማሯት ሰዎች...»

«ያስተማሯት ሦስት ብለው ነው። የአገሩ ልማድ ሦስት አይደለም?»

«ነው፣ ግን...»

«ወይዘሮ ትርንጎ ሦስት ብለዋል?»

ሶፎንያስ ወደ ጫማው ተመለሰ።

ፍርዱ ተነበበ። እማማ ትርንጎ ጥፋቱን ከተቀበለች የኖላዊት መዝገብ ዛሬውኑ ይታረማል፤ ማገገሚያው ነገ ይቀበላታል። የእማማ ትርንጎ የጡረታ ድርሻ ለተጎጂዋ ይዛወራል። ጉዳት አድራሽ ተጎጂ ወዳለችበት አትደርስም፤ ቤቷም፣ መንገዷም፣ ማገገሚያዋም ክልክል ነው። ካልተቀበለች ይግባኝ ማለት ትችላለች፤ ይግባኙ እስኪሰማ መዝገቡ እንዳለ ይቆያል።

«ይግባኝ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አለች እማማ ትርንጎ።

«ሁለት ክረምት» አለ ሶፎንያስ። «ከፈጠነ።»

«እሷ ያላት ይሄው ክረምት ነው።»

«አዎ፣ እማማ።»

ረድኤት ከተቀመጠችበት እናቷን ቀና ብላ አየቻት። እንቢ በዪም ተቀበዪም አላለቻትም። እማማ ትርንጎ የልጇን ፊት አይታ ወደ ጣሪያው ዞረች።

«አንተ ጣሪያ፣ ስማኝ። እኔ ለሰው አንገቴን ደፍቼ አላውቅም። ባሌ ሲሞት እንኳ ቀጥ ብዬ ነው የቀበርኩት። ይሄ የምትለው ውሸት ነው። ውሸት መሆኑን አንተም ታውቃለህ፣ ይቺ ሽቅርቅርም ታውቃለች፣ ይሄ ጎባጣ ልጅም ያውቃል። ልጅቱ ግን መዋጥ አለባት። በል ጻፍ። እኔ ነኝ የጎዳኋት።»

«መቀበልዎ ተመዝግቧል» አለ ዳኛው። «ከዚያ በፊት የተናገሩት ጉዳዩን ስለማይመለከት አልተመዘገበም።»

መለያየቱ ማዋለጃው ደጅ ላይ ሆነ፤ ቤት ድረስ አብራ መሄድ አይቻልም። እማማ ትርንጎ ኖላዊትን ከረድኤት ጀርባ አውርዳ አንድ ጊዜ ታቀፈቻት። አንገቷን በክንዷ ደገፈች። ከዚያ መልሳ ሰጠቻት።

«በጉንጯ በኩል ነው» አለች። «በፊት ለፊት እንዳትሞክሪ። ጉሮሮዋን ዳበስ አድርጊያት። አትቸኩዪ፣ አንቺ መቸኮል ትወጃለሽ።»

«እማ፣ ያን ቀን ያልኩሽ...»

«ሂጂ! ልጅቷን ብርድ መታት።»

ረድኤት ሄደች። አንቀልባው እማማ ትርንጎ ትከሻ ላይ ቀርቶ ኖሮ ሁለቱም ልብ ያሉት ዘግይተው ነው።

ኖላዊት ማገገሚያው ገባች። ከፍርዱ በኋላ በየማዋለጃውና በየክትባት አዳራሹ በር ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ለሴት ልጅ ከሦስት እልልታ በላይ በሕግ ያስጠይቃል ይላል። ሰዉ እንዳይሳሳት ፈርቶ ሦስቱንም ተወው። በዚያ ከተማ ሴት ልጅ በዝምታ ትወለድ ጀመር።

እማማ ትርንጎ ከሐዲዱ ማዶ አንድ ክፍል ተሰጣት። በማግስቱ ማለዳ ግድግዳው ተናገረ።

«እንደምን አደሩ! ነፋስ በደህና አድራለች። እንኳን ደስ አለዎት!»

እማማ ትርንጎ መልስ አልሰጠችውም። ከዚያም ወሬው በየማለዳው መጣ። ነፋስ ፈገግ ብላለች። ነፋስ ድምፅ ወዳለበት ትዞራለች። ነፋስ አንገቷን ችላለች። የነፋስ ወተት ከቀበሌ በየጊዜው ይመጣል፤ እማማ ትርንጎ ለጎረቤት ሕፃናት ትሰጠዋለች። ጡረታዋ ለኖላዊት ስለዞረ ወተቱን አልፎ አልፎ ራሷም ትቀምሳለች፤ ጎረቤቶቿ ይህን አያውቁም፣ እንዲያውቁም አትፈልግም።

ወደ ማገገሚያው ሄዳ ሞክራለች። በሩ ገና ከሩቅ አወቃት። «ጉዳት አድራሽ። ይመለሱ» አላት። በሌላ ቀን ነጠላዋን ተከናንባ ሄደች። «ጉዳት አድራሽ። ይመለሱ» አላት። ረድኤት የሆነውን ሁሉ በጎረቤት በኩል ትልክላታለች። አንገቷን በቀለበት ይዘውላታል። ትንሽ ትንሽ ትውጣለች። እጇ ጠዋት ጠዋት ይፈታል። አልጋዋ ከክትባት አዳራሹ በመስታወት የተለየው ክፍል ውስጥ ነው።

አንድ ማለዳ ግድግዳው «ነፋስ ዛሬ ክትባት አለባት። ማገገሚያው ቅጥር ግቢ፣ ክትባት አዳራሽ» አለ።

እማማ ትርንጎ ብስኩት እየነከሰች ነበር። አፏ ላይ ቆመ።

«ምን አልክ?»

ግድግዳው ደገመላት።

ተነሥታ ፊቷን ታጠበች። ነጠላዋን አጣፋች። የኖላዊትን አንቀልባ አውርዳ አራገፈችና ባዶውን አዘለችው፤ ደረቷ ላይ አጥብቃ አሰረችው። እየሄደች ወደ ኋላ በእጇ ደገፍ ታደርገዋለች፤ ልማድ ሆኖባት።

«ጉዳት አድራሽ» አለ በሩ። መብራቱ ሁለት ጊዜ ብልጭ አለ። «አሳዳጊ። ሕፃን ነፋስን ይዘዋል?»

«ይዣለሁ።»

«የጤነኛ ሕፃን ክትባት ለሌላ ቀን አይተላለፍም። ይግቡ።»

አዳራሹ እናቶችና ልጆች ሞልተውበታል። አንዲት ወጣት እናት ጀርባዋን ጎንበስ ብላ አየችላት።

«እማማ፣ ልጅቷ የት አለች?»

«ተኝታለች። እንዳትቀሰቅሺብኝ።»

ወጣቷ ልጇን አቅፋ ራቅ ብላ ቆመች። እማማ ትርንጎ መስታወቱ አጠገብ ወዳለው መከተቢያ ሄደች። ከመስታወቱ ማዶ አልጋዎች ተደርድረዋል። ኖላዊት ሦስተኛው ላይ ናት። ፊቷ ሞላ ብሏል። አንገቷን ነጭ ቀለበት ይዞታል። ግራ ዓይኗ ጣሪያው ላይ ነው።

የመከተቢያው ክንድ ወርዶ ከአንቀልባው በላይ አየሩን ወጋ። ቀይ መብራት በራ።

«ሕፃኗ አላለቀሰችም» አለች ማሽኗ። ይቺም ከአዋላጇ ጋር አንድ ላይ የተማረች ናት። «ያላለቀሰ ሕፃን አደጋ ላይ ነው። ነርስ እየጠራሁ ነው።»

እማማ ትርንጎ ማሽኗን አየቻት። «አሁን ነው የምትጠሪያት?» አለች።

ነርስ ከመጣች ባዶውን አንቀልባ ታያለች። በሩም ዳግመኛ አይከፈትም። እማማ ትርንጎ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደገፈች፣ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አነሣችና በቀስታ፣ ለአንድ ሰው ብቻ እንደምትናገር እልል አለች።

«እልልታ» አለች ማሽኗ።

ደገመች። «እልልታ።» ሠለሰች። «እልልታ።» እናቶቹ በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አዩ፣ እሷን አዩ።

አራተኛውን አለች።

«ሕፃኗ አልቅሳለች» አለች ማሽኗ፤ አረንጓዴ በራ። «ነፋስ ጤነኛ ናት። በሚቀጥለው ወር ይመለሱ።»

ከመስታወቱ ማዶ የኖላዊት ግራ ዓይን ከጣሪያው ላይ ወረደ። ቀስ ብሎ፣ እየተደናቀፈ፣ ግድግዳውን ተከትሎ መጣና መስታወቱ ላይ ቆመ።

ሥራው አልቋል፤ መሄድ ትችላለች። ከኋላዋ ያለችው እናት «እማማ፣ ይበቃዎታል፣ ይሰሙዎታል» አለቻት።

እማማ ትርንጎ አምስተኛውን ጀመረች።